የበልጉ ትንበያ ለቤታችን ምን ይላል?

የበጋው የማለዳ ብርድ ለቆን፣ አቧራ የሚያስነሣው ነፋስ በየግቢያችን መግባት ጀምሯል። ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከአዳማ እስከ መቂና ባቱ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነው። ገበሬው ለማሳው ያያል፤ እናት ለውኃ በርሜሏ፤ አያት ለጉልበታቸው ሕመም። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚወጣው የበልግ ትንበያም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነበባል። “ከመደበኛ በላይ”፣ “መደበኛ”፣ “ከመደበኛ በታች” የሚሉትን ቃላት እንሰማለን፤ “እንግዲህ ዘንድሮ ይዘንባል ማለት ነው?” እንባባላለን፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን።

ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ትንበያ ለአንድ ቤተሰብ ምን እንደሚናገር፣ ምንስ እንደማይናገር ነው። ዋናውን ነገር አስቀድመን እንበለው፦ የወቅቱ ትንበያ ስለ ጎተራና ስለ ውኃ ማጠራቀሚያ እንድናስብ ይረዳናል፤ ልጅን ከጎርፍ ለመጠበቅ ግን አይበቃም። በልጉ ደካማ ይሆናል በተባለበት ዓመትም ቢሆን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚወርድ ዶፍ ደረቁን ፈፋ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ በየቤታችን ሁለት ዝግጅት ያስፈልገናል፤ አንዱ ለወራቱ፣ ሌላው ለዕለቱ።

በልግ፣ ጸደይ ወይስ አርፋሳ?

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ ምክንያቱም ልጆቻችን ግራ ይጋባሉ። የእንግሊዝኛው መጽሐፋቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ አበባ የሚፈነዳበት ወቅት ይለዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ አበባ ሲባል የሚታወሰን መስከረምና አደይ ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በራዲዮ “የበልግ ትንበያ” ሲባል እንግዲህ እነዚህን አራት ወራት ማለታቸው ነው።

በአፋን ኦሮሞ የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ወቅት አርፋሳ ይለዋል። ክረምቱ ገና ይባላል። ቦረና ወርዳችሁ “ገና” ብትሉ ግን የሚገባቸው የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦቱ ዝናብ ነው፤ የእነርሱ ዋና ዝናብ በእነዚያ ወራት ስለሚወርድ ማለት ነው። ሁላችንም የምናውቀው የመስከረሙ ኢሬቻ ለወረደው ዝናብ ምስጋና የሚቀርብበት ሲሆን፣ በአርፋሳ ጊዜ በተራራ ላይ የሚከበረው ኢሬቻ ቱሉ ደግሞ ዝናብ የሚለመንበት ነው። እነዚህን ነገሮች ለልጅ ልጆቻቸው በደንብ ሊያስረዱ የሚችሉት አያቶች ናቸው። ዝናብ በየቦታው የተለያየ ጠባይ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም።

የሸለቆው ጠባይ

የበልግ ዝናብ በአብዛኛው የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረቢያ ባሕር ከሚነሣ እርጥበት አዘል ነፋስ ነው። ነፋሱ ከፍታ ቦታ ሲያጋጥመው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ለዚህ ነው አሰላና የአርሲ ደጋ ረስርሶ ሳለ የሸለቆው ወለል ላይ ያለነው ደመናውን ከሩቅ እያየን የምንቀረው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዳማ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ መተሐራ ደግሞ 950 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከካፖርት ወደ ነጠላ የምንሸጋገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋሱም የሸለቆው መታወቂያ ነው። በአዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 51 ሜጋ ዋት እና በ2007 ዓ.ም. የተከተለው ባለ 153 ሜጋ ዋት፣ እዚያ የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸው ነፋስ በየካቲትና በመጋቢት ደረቁን አፈር እያነሣ መስኮታችንን ያለብሰዋል፤ የልጆችንም ዓይንና ጉሮሮ ያስቸግራል።

የአዳማና የአካባቢው ዋና ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በልጉ ይቆራረጣል። አንድ ሳምንት ዘንቦ ሁለት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ በነጎድጓድ ይመጣል፤ አንዱን ሰፈር አርሶ ሌላውን በአቧራው ይተወዋል። ይህን ጠባዩን ካወቅን ትንበያውን ማንበብ ይቀለናል።

ሦስቱ ቁጥሮች

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅቱን ትንበያ ሲሰጥ ዕድሉን በሦስት ይከፍለዋል። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ይሁን እንበል፦ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 45 በመቶ። ብዙዎቻችን ትልቁን ቁጥር ብቻ ይዘን “ዘንድሮ ድርቅ ነው” እንላለን። ቁጥሩ ግን እንዲህ አላለም።

“መደበኛ” የሚባለው የሚገኘው እንዲህ ነው። የሠላሳ ዓመታት የዝናብ መዝገብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደርና በሦስት እኩል ይከፈላል። የታችኞቹ አሥር ዓመታት “ከመደበኛ በታች”፣ የመካከለኞቹ “መደበኛ”፣ የላይኞቹ “ከመደበኛ በላይ” ይባላሉ። የተለየ ምልክት በሌለበት ዓመት የሦስቱም ዕድል እኩል፣ ማለትም 33 በመቶ ገደማ ነው። 45 በመቶ ሲባል የደረቁ ወገን ዕድል ከወትሮው ከፍ ብሏል ማለት እንጂ ነገሩ ተወስኗል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ትንበያ ሃያ ጊዜ ቢሰጥ፣ ዘጠኙ ዓመታት ደረቅ፣ ሰባቱ መደበኛ፣ አራቱ ደግሞ ዝናባቸው የበዛ ሆኖ ቢገኝ ትንበያው ልክ ነበር ማለት ነው። ከሃያ አራት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ወላጅ ከሃያ ቀን በአራቱ መንገዱ አደገኛ ነው ቢባል ልጁን ብቻውን አይልክም።

ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ መደበኛ የሚባለው በየቦታው ይለያያል። ለሻሸመኔ መደበኛ የሆነው ለመተሐራ ጎርፍ ነው፤ ለመተሐራ መደበኛ የሆነው ለሻሸመኔ ድርቅ ነው። ስለዚህ ዜናው ላይ “የመካከለኛው ኦሮሚያ ክፍሎች” ሲባል የትኛው ክፍል እንደሆነ ጆሮ ሰጥተን እንስማ። ሁለተኛ፣ ትንበያው የሚናገረው ስለ ወራቱ ድምር ነው። መቶ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአሥር ቀን ተከፋፍሎ ቀስ ብሎ ቢወርድ በረከት ነው፤ ያው መቶ ሚሊ ሜትር በሁለት ቀን ቢወርድ አጥር ያፈርሳል። ድምሩ አንድ ነው፤ ለቤታችን ያለው ትርጉም ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ድርቅም ጎርፍም በአንድ ዓመት

ይህን ከራሳችን ታሪክ እንየው። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ደካማ ነበር፤ በኤልኒኞ ምክንያት ክረምቱም ተዛባ። እንደ ፈንታሌና ቦሰት ያሉ የእኛው ሸለቆ ወረዳዎችም ከተጎዱት መካከል ነበሩ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። ሁሉም ሰው ስለ ድርቅ ብቻ በሚያወራበት በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በኃይል መጣና በተለያዩ የሀገሪቱ አካባቢዎች ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ሕይወት ቀጠፈ። የደረቀና የተራቆተ መሬት ውኃ ቶሎ ስለማይመጥ፣ ከድርቅ በኋላ የሚመጣ ዶፍ ይበልጥ አደገኛ ነው።

ሌላውን ትምህርት የሰጠችን ድሬዳዋ ናት። ወቅቱ ክረምት ቢሆንም ነገሩ ለእኛም ይሠራል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ውኃው የመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። አባቶቻችን “ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” ያሉት እንዲህ ያለውን አይተው ነው።

ልጅና ፈፋ

አዳማ በኮረብቶች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከኮረብቶቹ የሚወርደው ውኃ የሚያልፈው በየሰፈሩ ባሉት ፈፋዎችና ቦዮች ነው። ከተማችን በሰፋች ቁጥር ደግሞ ውኃውን ይመጥ የነበረው መሬት ቆርቆሮ፣ ኮብልስቶንና አስፋልት ለብሷል። እስቲ ቀላል ስሌት እንሥራ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። ሠላሳ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዶፍ በአንድ ሄክታር ላይ ቢወርድ 300,000 ሊትር፣ ማለትም አሥራ አምስት ሺህ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ውኃ ይሆናል። የአንድ ሰፈር ጣሪያና መንገድ ስንት ሄክታር እንደሚሆን አስቡት፤ ያ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያችው ልጆች ኳስ ወደሚጫወቱባት ፈፋ ነው።

የጎርፍ ጉልበት ከጥልቀቱ በላይ ነው። በፍጥነት የሚወርድ ውኃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ሲል፣ ማለትም አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ስልሳ ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሦስት ጎማ ያላት ቀላል ባጃጅማ ምን ትሆናለች? ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያመላልስ የባጃጅ ሹፌር ያላችሁ ወላጆች፣ አስቀድማችሁ አነጋግሩት፤ “ውኃ ካየህ አትሻገር፤ ቆመህ ደውልልን፤ ብትዘገይ አንቆጣም” በሉት። ብዙ ጊዜ ሹፌሩን ወደ ውኃው የሚያስገባው ዘገየህ ተብሎ መወቀስን መፍራቱ ነው።

ለልጆች የምንነግራቸው ሕግ ደግሞ አጭር ይሁን፤ ረጅም ምክር ልጅ አይዝም። ላዩ ከጠቆረ ፈፋ ውስጥ አንገባም፤ እኛ ጋ ባይዘንብም። የገባ ኳስ ይቅር፤ ሌላ ይገዛል። ጎርፍ ካለ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንቆያለን እንጂ ወደ ቤት አንሮጥም። ይህን ሕግ በተለይ ከሰዓት በኋላ ልጆችን የሚጠብቁት አያቶች ይያዙት፤ ወላጅ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ዝናቡም የሚመጣው፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት ያኔ ነውና።

ስለ መብረቅም አንድ ቃል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስብን ይችላልና ወደ ቤት መግባት ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት መቆየት ይገባል። ብቻውን በቆመ ግራር ሥር መጠለል ክፉ ልማድ ነው፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆች በተለይ ይህን ይወቁ።

በርሜሉና ትንኟ

በልግ መልካም ጎንም አለው፤ ውኃ። አርባ ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሃያ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 800 ሊትር ነው፤ የሚባክነውን ትተን ማለት ነው። አራት ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም። ለሸለቆው ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛው ይሁን ያለው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የልጆቻችን ጥርስ ቡናማ የሚሆነው፣ ሲብስም አጥንት የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሎራይድን ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን መጠኑ ከፍ ይላል። የዝናብ ውኃ ግን ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ የመጀመሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጠበውን ውኃ አፍስሱ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ። ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት ወይም በውኃ ማከሚያ አክሙት።

አደጋው ያለው ክዳኑ ላይ ነው። በእኛ ሀገር ወባ በብዛት የሚነሣው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቢሆንም፣ የበልጉን ዝናብ ተከትሎ በሚያዝያና በግንቦት ሁለተኛ ጊዜ ብቅ ይላል። ድሮ የወባ ትንኝ የምትራባው በኩሬና በረግረግ ነው ብለን ከተማ ውስጥ ያለን ሰዎች እንዘናጋ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ተገኘች፤ ቀጥሎም ድሬዳዋና አዋሽ ሰባትን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ታየች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣውንም የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከእርሷ ጋር አያይዘውታል። ይህች ትንኝ የምትወደው የቤታችንን በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን በየሳምንቱ መደገም አለበት። ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ በርሜሉን ገልብጦ ግድግዳውን በብሩሽ ማጠብ የዕድገቷን ሰንሰለት ይቆርጠዋል። መገልበጥ የማይቻለውን በጥብቅ ክዳን ወይም በስስ ጨርቅ አፉን ማሰር ነው። አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ባልዲ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለች ሳህን፣ እነዚህን ልጆች እንደ ጨዋታ ፈልገው እንዲያፈስሱ አድርጉ። አጎበር ለልብስ ማስቀመጫ መሸፈኛ ሳይሆን ለሕፃኑና ለነፍሰ ጡሯ አልጋ ይዋል። ትኩሳት የያዘው ልጅ ደግሞ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ይድረስ፤ “ብርድ ነው፣ ያልፋል” ብሎ ማሳደር፣ ወይም ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን መስጠት ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሕይወት የሚያሳጣ ነው።

የአያቶች ጉዳይ

ሚያዝያና ግንቦት፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር፣ የሸለቆው ሙቀት የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። መተሐራና አዋሽ ላይ ያሉ ቤተሰቦች ያውቁታል። ሰው በዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜቱ ይቀንሳል፤ ሰውነት ውኃ እያለቀበት አፍ አይጠማም። ስለዚህ “ሲጠማኝ እጠጣለሁ” የሚሉትን እማማንም አባባንም ሳይጠይቁ ብርጭቆውን አጠገባቸው ማኖር የልጆች ድርሻ ነው። ዐቢይ ጾምም በበልጉ ወራት ይውላል፤ ረመዳንም በዚህ ሰሞን ሲውል እያየን ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ሐኪማቸውን፣ ስለ ጾሙም የንስሐ አባታቸውን ወይም ኡስታዛቸውን ያማክሩ። ይህ ከእምነት መራቅ አይደለም። ድንገተኛ መደናገር፣ መፍዘዝ፣ ትኩስና ደረቅ ቆዳ ከታየ ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝና ፈጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ስልኩ አጠገብ ተጽፎ ይቀመጥ።

ጎተራና ገበያ

የወቅቱ ትንበያ በእውነት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በሸለቆው ብዙ ጊዜ ወስደው የሚደርሱት ማሽላና በቆሎ የሚዘሩት በበልጉ ማብቂያ ዝናብ ነው። ያ ዝናብ ሲቀር ገበሬው ቶሎ ወደሚደርሰው ጤፍ ወይም ቦሎቄ ይዞራል። ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ አጠርን የሚችሉ ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎና የቦሎቄ ዘሮችን ሲያወጣ የኖረውም ለዚህ ነው። ገጠር ዘመድ ያላችሁ “ምን ዘራችሁ?” ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በመጪው ዓመት ጎተራ ውስጥ የሚገባውን አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ከረዩዎች ዘንድ ሣሩ ካልበቀለ ደግሞ የወተቱ መቀነስ መተሐራ ገበያ ላይ ወዲያው ይታያል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ግን አለ። ዝናብ ሲበዛ ሁሉም ነገር ይረክሳል ማለት አይደለም። የመቂና የባቱ ቲማቲም በመስኖ የሚለማ ስለሆነ ድርቅ ብዙም አያስደነግጠውም፤ ተከታታይ ዝናብና እርጥበት ግን የቅጠል በሽታ ያመጣበታል። ስለዚህ “በልጉ ጥሩ ነው” በተባለ ዓመት ቲማቲም ቢወደድ አትደነቁ። ወጪ ስታቅዱ ሁሉንም በአንድ ቃል አትመዝኑ።

ግቢያችሁ ውስጥ ጎመን ወይም ለእሸት የሚሆን በቆሎ የምትዘሩም፣ የመጀመሪያውን ዝናብ አይታችሁ ዘሩን ሁሉ አትጨርሱ። የበልግ ዝናብ መጣሁ ብሎ ይጠፋልና ግማሹን አስቀርታችሁ ለሁለተኛው ዝናብ አኑሩ።

ወራቱ፣ አሥሩ ቀን፣ ዕለቱ

እንግዲህ ሁሉንም እንሰብስበው። ትንበያ አንድ ብቻ አይደለም። የወቅቱ ትንበያ በዓመት ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ በእርሱ ስለ እህል፣ ስለ በርሜልና ስለ ጣሪያ ጥገና እንወስናለን። የአሥር ቀኑ ትንበያ ይከተላል፤ በእርሱ ስለ ዘር፣ ስለ ሠርግ ድንኳን፣ ለፋሲካ ወደ ዘመድ ስለሚደረግ ጉዞ እናስባለን። የዕለቱ ትንበያ ደግሞ ማታ ከዜና በኋላ ይነበባል፤ ልጁ ነገ በየትኛው መንገድ ይምጣ የሚለውን የምንወስነው በእርሱና በዓይናችን ነው። የወራቱን ሰምተን የዕለቱን ከተውን፣ ጎተራውን ጠብቀን ልጁን ረሳን ማለት ነው።

ለዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚሠሩት ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ውሰዱ፤ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ባለ ቦታ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ደግፋችሁ አስቀምጡት። በየቀኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች በሚለኩበት ሰዓት፣ በማስመሪያ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ለኩና በደብተር ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ድፉት። ልጁ ቁጥሩን ይጻፍ፤ አያት ደግሞ ከጎኑ ያዩትን ይንገሩት፦ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ደመናው ከየትኛው ተራራ እንደተነሣ፣ ፈፋው ስንት ሰዓት እንደሞላ። ግንቦት ሲያልቅ የሰፈራችሁን በልግ የሚያውቅ ደብተር ይኖራችኋል። ዝናቡ በተራራው ከጣለ ከስንት ደቂቃ በኋላ ውኃው ደጃችሁ እንደሚደርስ የሚነግራችሁ ሌላ መጽሐፍ የለም።

ጣሪያና ቦይ ማጽዳቱን ግን ለነገ አትበሉት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ልጆች የእረፍት ቀን አጠቃቀም እንነጋገራለን። እስከዚያው የምሕረት ዝናብ ያድርግልን፤ ቸር እንሰንብት።